የስፔን ጭምት ሴቶችን በሰፈር የንባብ ክበብ ማንበብ፦ ከልባሟ ሴት እስከ ማሪያ ዴ ሳያስ

ይህ መመሪያ ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ ወይም በቡራዩ የንባብ ክበብ ላላቸውና ሊያቋቁሙ ላሰቡ ነው። ጉዳዩ የድሮዎቹ የስፔን ደራሲዎች የሴትን ጭምትነት እንዴት እንደጻፉት ነው። ንባቡ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን ላይ ያተኩራል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት፣ ስድስት ሳምንት ይበቃል።

ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ያዙ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ሴቲቱ በሕሊናዋ የምትጠብቀው ቁጥብነት ነው፤ ማንም ባያያትም አለ። ሁለተኛው ሰው የሚሰጣት ስም ነው፤ ይኼኛው ሌላ ሰው ባወራው ወሬ፣ እሷ ምንም ሳታጠፋ ይፈርሳል። ታላላቆቹ ትዕይንቶች በሙሉ ሁለቱ በተለያዩበት ቦታ ላይ የቆሙ ናቸው። ይህን ልዩነት የሳተ ክበብ ንባቡን ወይ ስብከት ያደርገዋል፣ ወይ የድሮ ሰዎችን መውቀሻ።

ልዩነቱ እንዳይጠፋባችሁ በእያንዳንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ ሦስት ጥያቄዎች በእርሳስ ይጻፉ። ስለ ሴቲቱ ጭምትነት የሚናገረው ማን ነው? እሷን የሚያየው ማን ነው? በመጨረሻ ዕዳውን የሚከፍለውስ? የመጀመሪያው ጥያቄ የገጸ ባሕርይን ቃል ከደራሲው ሐሳብ ይለያል። ሁለተኛው ስምን ከምግባር ይለያል። ሦስተኛው ደግሞ ደራሲው በቃል ያልተናገረውን ፍርድ ያወጣዋል፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር ያለው እሱ ጋ ነው።

ቦታ፣ ሰዓት፣ ጽሑፍ

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ የብሎኩ ኮሙናል ይበቃል፤ ሠርግም ለቅሶም በሌለበት ቀን እንዲፈቀድላችሁ ለነዋሪዎች ኮሚቴ ቀደም ብላችሁ ንገሩ። ሰዓቱን ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር አድርጉት። ዳር ሰፈር ሲመሽ ታክሲ ይመናመናል፣ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ ያለው መንገድም ጨለማ ነው። በምሽት ካደረጋችሁት መጀመሪያ የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ያኔ ሴቶች በሌሉበት ስለ ሴት ጭምትነት የሚከራከሩ ወንዶች ብቻ ትሆናላችሁ።

አብዛኛው ሰው እነዚህን ሥራዎች የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው። የሰርቫንቴስ ልቦለድ የ«ዶን ኪኾቴ» የጆን ኦርምስቢ ትርጉም (1885) በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ቋንቋው ያረጀ ቢሆንም ታማኝ ነው። ሁሉም ሰው ምዕራፉን በእንግሊዝኛ አንብቦ እንዲመጣ አትጠብቁ፤ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ያላነበቡት በኀፍረት ይቀራሉ። የሚያዋጣው አሠራር ይህ ነው፦ በየሳምንቱ አንድ አቅራቢ የታሪኩን ጭብጥ በአንድ ገጽ አማርኛ ይጽፋል፤ ከዚያ ዋናውን ትዕይንት ብቻ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ገጽ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሶ ያመጣል። በስብሰባው ላይ የሚነበበው ይህ ነው። መብራት ሊጠፋ፣ የስልክ ባትሪም ሊያልቅ ስለሚችል በወረቀት ይታተም፤ ለሁለት ሰው አንድ ቅጂ ይበቃል። በስተቀኝ አራት ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ይተው፤ ሦስቱ ጥያቄዎች የሚጻፉት እዚያ ነው።

አንደኛ ሳምንት፦ ልባሟ ሴትና የሳላማንካው መነኩሴ

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31ን ከቁጥር 10 እስከ 31 በአማርኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሃያ ሁለት ቁጥር ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚህ መጀመር የሚሻለው ሁሉም ሰው ከሠርግ ስብከት ስለሚያውቀው ነው፤ ስፔንም ውስጥ ስለ ሴት ምግባር በሰፊው ከተነበቡት መጻሕፍት አንዱ የተጻፈው በእነዚሁ ቁጥሮች ላይ ነው። ጸሐፊው ፍራይ ሉዊስ ዴ ሌዎን የአውጉስጢኖሳውያን መነኩሴ፣ ባለቅኔና የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። መኃልየ መኃልይን ወደ ስፓኒሽ መተርጎሙ ከክሶቹ አንዱ ሆኖበት ኢንኩዊዚሲዮን የሚባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት ከ1572 እስከ 1576 አስሮታል። በ1583 «ፍጹሟ ባለትዳር» የሚለውን መጽሐፉን፣ አዲስ ላገባች ማሪያ ባሬላ ኦሶሪዮ ለተባለች ሴት ምክር አድርጎ አሳተመ።

ሥራው እንዲህ ነው። በሰሌዳ ወይም በትልቅ ወረቀት ላይ ልባሟ ሴት በምሳሌ ውስጥ የምትሠራውን ሁሉ ዘርዝሩ፦ ሱፍና የተልባ እግር ትፈልጋለች፣ ሌሊት ትነሣለች፣ እርሻ አይታ ትገዛለች፣ ወይን ትተክላለች፣ በፍታ ሠርታ ትሸጣለች፣ ለነጋዴ ድግ ታስረክባለች፣ አፏን በጥበብ ትከፍታለች። ከዚያ ፍራይ ሉዊስ የሚላትን ከጎኑ ጻፉ። ሥራዋን እጅግ ያመሰግናል፤ ሥራ ፈትነትን ይነቅፋል፤ ባልም ሚስቱን በክብር እንዲይዝ ያሳስባል። የፊት ቀለምንና ኩልን የጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶችን እየጠቀሰ በረጅሙ ያወግዛል። ዝምታን ያወድሳል። ቤት መዋልን ሲያስተምርም ዓሣን ይጠራል፤ ዓሣ በውኃ ውስጥ ቀልጣፋ ነው፣ ካወጡት ግን መንቀሳቀስ አይችልም፤ ጥሩ ሴትም ከደጇ ወደ ውስጥ ፈጣን፣ ከደጇ ወደ ውጭ አንካሳ ትሁን ይላል።

ክርክሩ የሚነሣው ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። ምሳሌ ሴቲቱን ወደ እርሻና ወደ ገበያ ያወጣታል፤ መነኩሴው እጇን አመስግኖ እግሯን ከደጃፍ ይመልሳል። ጥቅሱ አንድ ነው፣ ጠባቡን በር የሠራው ትርጓሜው ነው። ይህን ሰሌዳ አትደምስሱት፤ ወረቀት ከሆነ አጥፋችሁ አስቀምጡት፣ በሦስተኛው ሳምንት ያስፈልጋል።

ከእሱ በፊት ሁዋን ሉዊስ ቪቬስ ነበር፤ የቫሌንሲያ ተወላጅ፣ ስለ ክርስቲያን ሴት ትምህርት የጻፈው መጽሐፉም በላቲን ተጽፎ በ1524 ታተመ። ለእንግሊዟ ንግሥት ለአራጎኗ ካታሊና ያበረከተው ልጇን ማርያምን ታሳቢ አድርጎ ነው። ሴት ልጅ ፊደል ትማር ይላል፤ ነገር ግን የፈረሰኞችን የፍቅር ታሪኮችና የአሮጊቷን ደላላ ታሪክ «ሴለስቲናን» እንዳታነብ ይከለክላል። ለቪቬስ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

በዚህ ሳምንት የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። አንድ ሰው ስለ ዛሬ ልጆች አለባበስ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ መጽሐፉ ይረሳል። መሪው ንግግሩን በሌላ ንግግር ለማረም አይሞክር። «የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መስመር ያላገኘ ሐሳብ ለቡናው ሰዓት ይቆይ። ይህን ጥያቄ ለታላላቆችም ለወጣቶችም እኩል መጠቀም ያስፈልጋል፤ ለወጣቶች ብቻ ከሆነ መገሠጫ ይሆናል።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ማርሴላ ከአለቱ ላይ

የዶን ኪኾቴ አንደኛ ክፍል በ1605 የታተመ ነው። ሰርቫንቴስ ስለ ጭምትነት ያለውን በአንድ ሳምንት ለማየት ምዕራፍ 11ንና ምዕራፍ 14ን አጣምሩ፤ በመሃል ያለውን በአማርኛ ጭብጥ ብቻ እለፉት።

በምዕራፍ 11 ፈረሰኛ ነኝ ብሎ የሚዞረው ዶን ኪኾቴ ከፍየል እረኞች ጋር እራት በልቶ፣ እፍኝ የደረቀ የዛፍ ፍሬ ይዞ ስለ ወርቃማው ዘመን ይናገራል። በዚያ ዘመን ልጃገረዶችና ጭምትነት ብቻቸውን በፈለጉበት ይሄዱ ነበር፣ የሚነካቸው አልነበረም፤ ዛሬ ግን እንደ ቀርጤሱ ባለ ውስብስብ ሕንፃ ብትደበቅም ሴት አትድንም፤ ፈረሰኛ ያስፈለገው ለዚህ ነው ይላል። አንባቢው ላይ ጥያቄውን እዚሁ አንሡ፦ በዚህ አባባል ጭምትነትን የሚያጠፋው ማን ነው? በመነኩሴው መጽሐፍ ከቤት የምትወጣው ሴት ነበረች። እዚህ አጥፊው የሚያሳድዳት ነው።

ከዚያ ምዕራፍ 14። ማርሴላ ወላጆቿ የሞቱባት፣ በካህን አጎቷ ያደገች ባለጸጋ ልጅ ናት፤ ማግባት እምቢ ብላ ከሰፈሯ ልጃገረዶች ጋር ፍየል ልታግድ ወጥታለች። ግሪሶስቶሞ የሚባል የተማረ ወጣት እሷን ወድዶ፣ እረኛ መስሎ ተከትሏት፣ እምቢ ስላለችው ሞቷል። ጓደኞቹ እየቀበሩት «ነፍሰ ገዳይ» ይሏታል። እሷም ከመቃብሩ በላይ ካለው አለት ጫፍ ብቅ ትላለች። ንግግሯ ሲነበብ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ አታሳጥሩት። ሰማይ ቆንጆ አድርጎ ፈጠረኝ፤ የወደደኝን ሁሉ የመውደድ ዕዳ ግን የለብኝም። ጨዋ ሴት ቁንጅናዋ ከሩቅ እንዳለ እሳት ወይም እንደ ስለታም ሰይፍ ነው፣ ላልቀረበ አያቃጥልም፣ አይቆርጥምም። ነጻ ተወለድኩ፣ ነጻ ሆኜ ለመኖር የሜዳውን ብቸኝነት መረጥኩ። ማንንም አላባበልኩም፣ ለማንም ተስፋ አልሰጠሁም። ይህን ብላ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጫካው ትገባለች፤ ዶን ኪኾቴም ማንም እንዳይከተላት ይከለክላል።

ንግግሩን ሴት ታንብበው፣ ቆማ፣ ሌሎቹ ተቀምጠው። የአለቱ ከፍታ ትርጉም አለው፤ ተቀምጦ ሲነበብ ልመና ይመስላል። ብዙ ክበቦች እዚህ ላይ ማርሴላን «ጭምትነትን የጣለች» ብለው ያነቧታል፤ ስህተት ነው። ኅዳጋችሁን ተመልከቱ፦ ክብርንና ምግባርን የነፍስ ጌጥ የምትለው እሷ ራሷ ናት፣ ያለ እነሱ አካል ቆንጆ ቢሆንም ቆንጆ መምሰል የለበትም ትላለች። የጣለችው የሌሎችን ዓይን ነው። ጭምትነቷን ከአባትም ከባልም ከጎረቤትም እጅ አውጥታ በራሷ እጅ ያዘችው። በእኔ ግምት በዚህ ርዕስ ላይ ከተጻፉት ገጾች ሁሉ አንድ ብቻ የሚነበብ ቢሆን ይህ መሆን አለበት።

ሦስተኛ ሳምንት፦ ዶሮቴያ

ምዕራፍ 28። የመጀመሪያውን ሳምንት ወረቀት መልሳችሁ ስቀሉ። ዶሮቴያ በአንዳሉሲያ የአንድ ታላቅ ባላባት ጭሰኞች የሆኑ ባለጸጋ ገበሬዎች ልጅ ናት። ስለ ራሷ ስትናገር ሠራተኛ የምትቀጥረውና የምታሰናብተው፣ የሚዘራውንና የሚታጨደውን፣ የዘይት መጭመቂያውን፣ የወይን መጥመቂያውን፣ ከብቱንና የንብ ቀፎውን በሒሳብ የምትይዘው እሷ ነበረች። ትርፍ ጊዜዋን በመርፌና በእንዝርት፣ አንዳንዴም በመንፈሳዊ መጽሐፍና በበገና ታሳልፋለች። ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በማለዳ ነው፤ ከእናቷና ከገረዶች ጋር፣ ተሸፋፍና፣ ዓይኗ እግሯ ከሚያርፍበት መሬት በቀር እስከማያይ ድረስ። እንግዲህ በሰሌዳው ላይ ካለችው ልባም ሴት ጋር አወዳድሯት፤ አንድም አልጎደላትም። ፍራይ ሉዊስ የጠየቀውንም አሟልታለች።

ግን ዶን ፌርናንዶ፣ የባላባቱ ሁለተኛ ልጅ፣ አያት። ገረዷን አባብሎ ሌሊት መኝታ ክፍሏ ገባ። በዚያች ቅጽበት የምታስበውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ብጮህ ማን ያምነኛል፣ እምቢ ብለው በኃይል ያደርገዋል፣ ያኔ ስሜም ክብሬም ይጠፋል፤ ሚስቴ ነሽ ብሎ እየማለ ነው። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ማለላት፣ ቀለበትም ሰጣት፤ ቆይቶ ከተማ ሄዶ ሌላ አገባ።

እዚህ አንባቢ የሚሰናከልበት ነገር አለ፤ «ቃል ብቻ ሰምታ እንዴት አመነች?» ይባላል። መሪው የጋብቻውን ሕግ ማስረዳት አለበት። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዘመን ወንድና ሴት በስውር የተለዋወጡት ቃል እንደ ጋብቻ ይጸና ነበር። የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 ካህንና ምስክሮች ግድ ናቸው ብሎ ደነገገ። በሰርቫንቴስ ጊዜ ሕጉ ተቀይሯል፣ የሰዉ ልብ ግን አልተቀየረም፤ የቃል ኪዳኑ ክብደት እንዳለ ነው፣ ማስረጃው ግን ጠፍቷል። የሰማንያ ጋብቻ ምስክር ለምን እንደሚያስፈልገው ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሩቅ አይደለም።

ከዚያ ዶሮቴያ የወንድ ልብስ ለብሳ ልትፈልገው ትወጣለች። አብሯት የወጣው አገልጋይ በበረሃ ሊደፍራት ሲሞክር ገደል ትገፋዋለች። በምዕራፍ 36 ዶን ፌርናንዶን በእንግዳ ማረፊያ አግኝታ፣ እግሩ ሥር ተንበርክካ ጭብጥ በጭብጥ ትሞግተዋለች፤ እውነተኛው ባላባትነት ምግባር ነው፣ አንተ ይህን ካጎደልህ እኔ ከአንተ እበልጣለሁ ትለዋለች፣ ትረታዋለችም። ክርክሩን በወረቀት ላይ በቁጥር አውጡት። እንባዋን ብቻ ያየ አንባቢ ጠበቃነቷን ይስታል።

አራተኛ ሳምንት፦ ግንቡና ገመናው

ሰርቫንቴስ በ1613 ካሳተማቸው አጫጭር ልቦለዶች ሁለት ውሰዱ። ይህ ሳምንት ይከብዳል፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ቡናውን በመሃል አድርጉት።

«ቀናተኛው ኤክስትሬማዱራዊ» ከስፔን የኤክስትሬማዱራ ክፍለ ሀገር የመጣው የካሪሳሌስ ታሪክ ነው። በአሜሪካ ሀብት አፍርቶ በ68 ዓመቱ ሴቪያ ተመለሰ፣ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት የሚሆናትን ሌዎኖራን አገባ። ቤቱን እንዴት እንዳጠረ አቅራቢው በሥዕል ያሳይ፤ ቃል ብቻ አይበቃም። የመንገዱ መስኮቶች ተደፈኑ፤ የጣሪያው ግንብ ከሰማይ በቀር እንዳያሳይ ከፍ አለ፤ ዕቃ በሚሽከረከር የግድግዳ ሳጥን ይገባል፤ ደጁን የሚጠብቀው የተሰለበ አገልጋይ ነው፤ ወንድ ድመትና ወንድ ውሻ እንኳ አይገባም። ሎዋይሳ የሚባል ቦዘኔ ግን ገባ። በምን? በሙዚቃ። ዘበኛውን ጊታር ላስተምርህ ብሎ፣ የቤቱን ሴቶች በዘፈን ስቦ፣ ለባሏ የማደንዘዣ ቅባት ልኮ፣ ቁልፍ በሰም አስቀርጾ። በታተመው ጽሑፍ ሌዎኖራ እስከ መጨረሻው ታግላው ሁለቱም ደክመው ይተኛሉ፤ ባሏ ግን ያያቸዋል፣ ያየውንም ያምናል፣ በሐዘን ይሞታል። ቀደም ባለ የእጅ ጽሑፍ ታሪኩ ሌላ ነው፤ እዚያ ትሸነፋለች። ሰርቫንቴስ ለኅትመት ሲያዘጋጀው ይህን መለወጡን ለክበቡ ንገሩ፤ ለውጡ የታሪኩን ቁልፍ ያሳያል። ግንቡ ሁሉ ከፈረሰ በኋላ የጠበቃት የራሷ ፈቃድ ብቻ ነው። ተራኪውም ፈቃድ ነጻ ሆኖ ሳለ በቁልፍና በግንብ መታመን እንደማይገባ ይናገራል።

በር የሚከፍት ሰው ሁልጊዜ አለ። በ1499 ቡርጎስ ላይ በታተመችው የፌርናንዶ ዴ ሮኻስ «ሴለስቲና» አሮጊቷ ደላላ ወደ ሜሊቤያ ቤት የገባችው ፈትል የምትሸጥ መስላ ነበር።

ሁለተኛው «የደም ኃይል» ነው። ከማንበባችሁ በፊት መሪው ታሪኩ መደፈርን እንደያዘ ይናገር፤ መውጣት የፈለገ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ይውጣ። በቶሌዶ ሮዶልፎ የሚባል ባላባት ሌዎካዲያን ከወላጆቿ መሃል ነጥቆ ራሷን ሳታውቅ ደፈራት። ከክፍሉ ትንሽ የብር መስቀል ወስዳ ወጣች። አባቷ የሚላት ቃል የስድስቱ ሳምንት ሁሉ መገናኛ ነው፤ በአደባባይ የወጣ አንድ ወቄት ውርደት በስውር ካለ ትልቅ ሸክም ነውር ይልቅ ያቆስላል፤ እውነተኛው ውርደት ኃጢአት ነው፣ እውነተኛው ክብር ምግባር ነው፤ አንቺ አልበደልሽምና ራስሽን እንደ ክብርት ቁጠሪ። ገመናን መሸፈን የሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ አባትየውን ወዲያው ይረዳዋል። ለዚህም ነው እዚህ ላይ ቸኩሎ ማለፍ የሚመጣው። ሦስተኛውን ጥያቄ ጠይቁ። ሽፋኑ ልጅቷን አዳነ፣ ሮዶልፎንም አብሮ ሸፈነ፤ ኢጣሊያ ሄዶ ዓመታት በደስታ ኖረ። ልጃቸው ሰባት ዓመት ሲሆነው ፈረስ ረግጦት በአያቶቹ ቤት ይታከማል፣ መስቀሉ ማስረጃ ይሆናል፣ ሌዎካዲያም የደፈራትን ታገባለች። ደስ የሚል ፍጻሜ ተደርጎ ተጽፏል። አንባቢ መቆጣቱ ተገቢ ነው፤ ቁጣውን ወደ መስመሩ መልሱት፦ በዚያ ዘመን ስሟን የሚመልስላት ሌላ በር የትኛው ነበር?

በዚህ ሳምንት ወንዶች ቶሎ ይናገራሉ፣ ሴቶች ዝም ይላሉ፤ እናትና ልጅ በአንድ ክፍል ካሉ ይሉኝታው ይብሳል። መፍትሔው ወረቀት ነው። ሁሉም ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ያለ ስም ጽፎ ይጣል፣ መሪው ያንብበው።

አምስተኛ ሳምንት፦ መድረኩ

ተውኔት ደራሲው ሎፔ ዴ ቬጋ በ1609 ስለ ተውኔት አጻጻፍ በግጥም ሲያስተምር የክብር ጉዳይ ሰውን ሁሉ በኃይል ስለሚያንቀሳቅስ ከሁሉ ይሻላል ብሏል። ከ1587 ጀምሮ በማድሪድ ሴቶች በፈቃድ መድረክ ላይ ይጫወቱ ነበር፤ ሴት ተመልካቾች ደግሞ በተለየ ሰገነት ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ ጭምቷን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ራሷ ሴት ናት፣ በሺህ ዓይን ፊት። ይህን ይዛችሁ አንብቡ።

አራት ትዕይንት ይበቃል፤ እያንዳንዳቸው በሁለት ሰው ይነበቡ፣ አንድ ጊዜ ይለማመዱት። ከሎፔ ሁለት። በ«ፔሪባኜስ» (1614) ካሲልዳ ለሚያሳድዳት ባላባት ከመስኮት ሆና፣ የአንተን ባለጌጥ ካባ ከምይዝ ባሌን ፔሪባኜስን በቡናማ ካባው እወዳለሁ ትለዋለች፤ ይህ አጭርና ግልጽ ነው። «ፉዌንቴኦቬኹና» (ኅትመቱ 1619፣ ታሪኩ በ1476 የሆነ) ሌላ ነው። ላውሬንሲያ በመንደሯ ሹም ተነጥቃ፣ አምልጣ፣ ጸጉሯ ተበታትኖ ወንዶቹ ወደሚመክሩበት ትገባለች፤ ፈሪ ጥንቸሎች፣ በጎች ትላቸዋለች፤ ሰባ ያህል ስንኝ ነው። ማንም ሴት ሊያሳየው የማይፈልገውን አካሏን በአደባባይ ማስረጃ አድርጋ ታቆመዋለች፣ መንደሩም የሚነሣው ያኔ ነው። ይህን የምታነብ ሴት በር ውጭ ቆማ ትግባ። ተቀምጦ የሚነበብ አይደለም።

ከሌላው ተውኔት ደራሲ ከካልዴሮን ዴ ላ ባርካ ሁለት። በ«የሳላሜያው ዳኛ» ፔድሮ ክሬስፖ ወታደሮች ቤቱ ሲያርፉ ልጁን ኢሳቤልን ቆጥ ላይ ይደብቃታል፤ ካፒቴኑ ሊያያት የጓጓው ስለተደበቀች ነው። ካፒቴኑ ከደፈራት በኋላ ክሬስፖ ንብረቱን ሁሉ ሰጥቶ እንዲያገባት ተንበርክኮ ይለምነዋል፣ እምቢ ሲል ያሳንቀዋል፤ ንጉሡም ያጸናለታል። በ«የክብሩ ሐኪም» (ኅትመቱ 1637) ደግሞ ሜንሲያ ምንም አላጠፋችም። የቀድሞ ወዳጇ የሆነው ልዑል አገር ለቆ እንዳይሄድና ወሬ እንዳይነሣ ብላ የጀመረችውን ደብዳቤ ባሏ ጉቲዬሬ ያገኘዋል። ፍቅር ያመልክሻል፣ ክብር ይጠላሻል፤ ሁለት ሰዓት ዕድሜ አለሽ፣ ነፍስሽን አድኚ ብሎ ይጽፍላታል። ከዚያ ደም የሚያወጣ ባለሙያ ዓይኑን ሸፍኖ አምጥቶ ደሟን አስፈስሶ ይገድላታል። ባለሙያው ሲወጣ ደጁ ላይ የደም እጅ ያትማል። ካልዴሮን ይህን ይደግፋል ወይስ ይኮንናል የሚለው ክርክር አላበቃም፤ ክበቡን በሁለት ከፍላችሁ እያንዳንዱ ወገን ሦስት መስመር ያምጣ።

ባላባት፣ ካፒቴን፣ ሹም የሚሉ ማዕረጎች ሲደራረቡ አንባቢ ይደናገራል። የገጸ ባሕርያቱን ስምና ዝምድና በአንድ ትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ጊዜ ከተረፈ ስለ መሸፋፈን ሁለት ቃል። የስፔን ሴቶች አንድ ዓይን ብቻ በሚያሳይ መጎናጸፊያ ይሸፈኑ ነበር። ለጭምትነት የተሠራው ጨርቅ ማን እንደሆኑ ሳይታወቅ እንዲዘዋወሩ ስላስቻላቸው መንግሥት በ1590፣ እንደገናም በ1639 ከለከለው። የካልዴሮን «የሙት መንፈሷ እመቤት» (1629) ውስጥ በወንድሞቿ የተዘጋባት ወጣት መበለት አንኼላ የምትወጣው ተሸፍና ነው።

ስድስተኛ ሳምንት፦ ሴቶቹ ሲጽፉ

እስካሁን የተነበበው ሁሉ ወንድ የጻፈው ነው። በዚህ ሳምንት የአቪላዋ ቴሬሳና ማሪያ ዴ ሳያስ ይነበቡ።

መነኩሲቷ ቴሬሳ (1515–1582) ራሷን ደካማ፣ ያልተማረች፣ ምስኪን ሴት ትላለች፤ እንዲህ እያለችም ስለ ጸሎት የሚያስተምሩ ታላላቅ መጻሕፍት ጻፈች። የሕይወት ታሪኳ በ1575 ለኢንኩዊዚሲዮን ተከሶባታል። ከእሷ አንድ ገጽ ወስዳችሁ ራሷን የምታሳንስበትን ቃል ሁሉ አስምሩበት፣ ከዚያ ወዲያው ቀጥሎ የምትሰጠውን ትምህርት በሌላ ቀለም አስምሩ። ሁለቱ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ትሕትናው እውነተኛ ነው፣ ጋሻም ነው። ትሕትና በእውነት መሄድ ነው ያለችው እሷ ናት። ሥራዎቿን በ1588 ሰብስቦ ያሳተመው ማን እንደሆነ ንገሯቸው፦ ሴት ዝም ትበል ያለው ፍራይ ሉዊስ ዴ ሌዎን።

ማሪያ ዴ ሳያስ በሳራጎሳ ሁለት የታሪክ መድብል አሳተመች፣ በ1637ና በ1647። በመጀመሪያው መቅድም ላይ ነፍስ ወንድም ሴትም አይደለችም፣ ሴቶች ያልተማሩት መጽሐፍና መምህር ስለተነፈጋቸው ነው ትላለች። በሁለተኛው መድብል አሥሩንም ታሪኮች የሚናገሩት ሴቶች ናቸው። «የተቀጣች ንጽሕና» የሚለውን አንብቡ። ኢኔስ በአስማት ፈቃዷን ተነጥቃ ትበደላለች፤ ባሏ፣ ወንድሟና የወንድሟ ሚስት ስድስት ዓመት በጭስ መውጫ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ግንብ ይዘጉባታል፤ ስትወጣ ዓይኗ ጠፍቷል። ከካሪሳሌስ ግንብ ጋር አያይዙት። ከበድ ያለ ታሪክ ስለሆነ ከሰዓቱ መጀመሪያ ይነበብ እንጂ ለመጨረሻ አይቀመጥ።

የመጨረሻው ሥራ ይህ ነው። ሦስት ሴቶች ገዳም ገብተዋል፦ ሌዎኖራ፣ የሳላሜያዋ ኢሳቤል፣ በሳያስ መድብሎች ታሪኮቹ በቤቷ የሚነገሩባት ሊሲስ። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉት። ሌዎኖራ ባሏ ሲሞት ሎዋይሳን እንድታገባ ተናዞላት ነበር፣ እሷ ግን ገዳሙን መረጠች። ኢሳቤልን ያስገባት አባቷ ነው፤ እዚያ የሚጠብቃት ሙሽራ የዘር ደረጃ አይመለከትም ይላል። ሊሲስ ሊያገባት የተዘጋጀ ሰው እያለ፣ የሰማቻቸው ታሪኮች በቅተዋት፣ ሳትመነኩስ ከእናቷ ጋር ገባች። በእያንዳንዱ ዓምድ ሥር ሦስቱን ጥያቄዎች ሙሉ፣ ማን ወሰነ የሚለውንም አራተኛ አድርጋችሁ ጨምሩ። በመጀመሪያ ሴቶቹ ለብቻ፣ ወንዶቹ ለብቻ ይሙሉት፤ ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ለጥፋችሁ በተለያዩባቸው ሳጥኖች ላይ ብቻ ተነጋገሩ።